ከሳይት ወደ ግዙፍ ፕሮጀክት አመራር፦ የምር የሚያስፈልገው ችሎታ ምንድን ነው?

ብረት_አሳሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። እስካሁን የሠራሁት መንገድና ድልድይ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳይት ላይ ነበርኩ፣ በኋላ ደግሞ መካከለኛ የሚባሉ ፕሮጀክቶችን በኃላፊነት ይዣለሁ። አሁን ምክትል የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሁን ተብያለሁ፤ ፕሮጀክቱ ግን ከለመድኩት በጣም ይለያል። ዋሻ አለው፣ ሐዲድ አለው፣ ጣቢያዎች አሉት፣ የኃይል አቅርቦትና የሲግናል (የባቡር እንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ) ሥራ አለው። ተቋራጩ አንድ አይደለም። አማካሪውም አንድ አይደለም። ገንዘቡም ከተለያየ አበዳሪ ነው የሚመጣው።

ሰው ስጠይቅ ግማሹ «ሰርተፊኬት ውሰድ» ይለኛል፣ ግማሹ «የስኬጁል ሶፍትዌር ጠንቅቀህ ልመድ» ይለኛል፣ አንዱ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ቀልድ ነው፣ ዋናው ፖለቲካው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ማንን ልስማ? ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። አምስት ተቋራጮች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጯጯሁ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

አንድ ልመና አለኝ። «የአመራር ብቃት»፣ «ጥሩ ተግባቦት» ምናምን እንዳትሉኝ። እሱን የሥራ ማስታወቂያ ላይ አንብቤዋለሁ። ሥራው ላይ ያላችሁ ሰዎች በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ንገሩኝ።

አሮጌ_ሄልሜት

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። መልሴ ግን አጭር አይሆንም፣ ታገሰኝ።

ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ችግሩ ያለው ሥራው ውስጥ ነው። አፈሩ ይንሸራተታል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ሲሚንቶው ይዘገያል። ትልቁ ላይ ችግሩ በብዛት የሚደበቀው በአንዱ ሥራና በሌላው ሥራ መካከል ነው። የዋሻው ተቋራጭ የራሱን ጨርሷል። የኤሌክትሪኩ ተቋራጭም የራሱን ጨርሷል። ኬብሉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ማንም ውል ውስጥ አልተጻፈም። ሁለቱም «የእኔ ሥራ አይደለም» ይላሉ፣ ሁለቱም በውላቸው ልክ ናቸው፣ አንተ ደግሞ መሀል ላይ ቆመህ ወር ይቆጠርብሃል።

የለንደኑን የኤልዛቤት የባቡር መስመር ተመልከት። ዋሻው ተቆፍሮ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሰው ሁሉ ከባዱ አለፈ ብሎ ነበር። መስመሩ ዲሴምበር 2018 ላይ ሊከፈት ተቀጥሮ ግንቦት አካባቢ፣ ማለትም ሜይ 2022 ላይ ተከፈተ። የያዘው አፈር አይደለም። ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ሦስት ዓይነት የሲግናል ሥርዓት ውስጥ ያልፋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገርም ሶፍትዌሩ ራሱን መቀየር አለበት። እሱ እስኪስተካከል፣ ጣቢያዎቹ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ ተገጥሞና ተገናኝቶ እስኪፈተሽ ነው ዓመታት ያለፉት።

የበርሊኑ ብራንደንቡርግ አየር ማረፊያማ ሕንፃው ቆሞ መንገደኛ ሳያይ ስንት ዓመት ከረመ። ጁን 2012 ሊከፈት ነበር፣ ኦክቶበር 2020 ተከፈተ። ከጣጣዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የእሳት አደጋ መከላከያውና የጭስ ማስወጫው ሥርዓት ነው። እሱ ደግሞ በተፈጥሮው የአንድ ባለሙያ ሥራ አይደለም። ጭስ ጠቋሚው፣ በሩ፣ ማራገቢያው፣ የአየር ቱቦው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም እኩል መታዘዝ አለባቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ይሄ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ልመድ። አሰልቺ እስክትባል ድረስ ጠይቅ። ተቋራጮቹን በረድፍም በዓምድም አስቀምጠህ ሠንጠረዥ ሥራ። የሚገናኙበት ሳጥን ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ማን ያስረክባል፣ ማን ይረከባል፣ መቼ፣ ማን ይፈትሻል። ከእያንዳንዱ ጎን የአንድ ሰው ስም ይኑር። «የሁለታችን ነው» የሚል መልስ አትቀበል፤ የሁለት ሰው የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ሠንጠረዡን በየሁለት ሳምንቱ ራስህ ክፈተው፣ ለጸሐፊ አትስጠው።

ሲግናል መማር አለብኝ ወይ ብለህ ትጨነቅ ይሆናል። እንደ ባለሙያው አይጠበቅብህም። ባለሙያው ሲያድበሰብስ ለመለየት የሚበቃህን ያህል ግን ተማር። እሱ ደግሞ በመጽሐፍ አይመጣም፤ ከባለሙያው ጎን ቁጭ ብለህ «እንደ ሕፃን አስረዳኝ» ስትለው ነው የሚመጣው። መሐንዲሶች ይህን ማለት ይከብደናል።

ፕላነሯ

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ፣ ግን ስኬጁሉን ንቃችሁ እንዳታልፉት ስል ነው የገባሁት :)

ፕላኒንግ ነው የምሠራው። ብረት አሳሪ፣ ሶፍትዌሩን መልመድ አያስፈልግህም፣ ለሱ እኛ አለን። አንተ የሚያስፈልግህ የቀረበልህን ስኬጁል ማንበብና መጠራጠር ነው። በየወሩ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ የመጨረሻውን ቀን የሚወስነው የሥራ ሰንሰለት አሁን የትኛው ነው? ባለፈው ወር ከነበረው ከተለየ ለምን ተለየ? ሰንሰለቱ በየወሩ እየዘለለ ከሆነ ወይ ፕላኑ በቅጡ አልተሠራም ወይ አንድ ሰው እየቆረጠ እየቀጠለ ነው።

በብዛት የማየውን ላሳይህ። ቁፋሮው ሁለት ወር ይዘገያል። የመክፈቻው ቀን ግን እንዲነካ ማንም አይፈልግም። ታዲያ ከየት ይምጣ? ከመጨረሻው ይቆረጣል። ስድስት ወር የነበረው ፍተሻና ሙከራ አራት ይሆናል፣ ከዚያ ሁለት ተኩል። አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል፣ ቀለም ቀቢውና ሲግናል ፈታሹ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት ላይ ይቀመጣሉ፣ ወረቀቱ ላይ ይሄዳል፣ ቀኑም አልተነካም፣ ሁሉም ደስ ብሎት ከስብሰባ ይወጣል። እኔ እዚያ ስብሰባ ላይ ይህን የምነግረው ሰው የለም፣ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ የጠየቀው «ቀኑ ተጠብቋል?» የሚለውን ብቻ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። ጠቅላላ በጀቱ 100 ነው እንበል። እስከዛሬ 40 የሚያወጣ ሥራ መሠራት ነበረበት። የተሠራው 30 የሚያወጣ ነው። የወጣው ገንዘብ 38 ነው። ብዙ ኃላፊ 38ን ከ40 ጋር ያነጻጽርና «እንዲያውም ተርፎናል» ይላል። ኧረ ምን ተረፈ! በ38 የገዛኸው 30 ነው። 1 የሚያወጣ ሥራ 1.27 ገደማ እየፈጀ ነው። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ 100 የተባለው 127 አካባቢ ያርፋል። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ነው፣ ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አቅርቡልኝ የሚል ሰው ነው የሚጠፋው።

ሌላው አንተን በቀጥታ የሚመለከት ነገር። ቤንት ፍሉብዬርግ የሚባሉት የዴንማርክ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት 258 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶችን መርምረው ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ ከተገመተው በላይ ወጥቶባቸዋል። በአማካይ መንገድ በ20 በመቶ፣ ድልድይና ዋሻ በ34 በመቶ፣ ባቡር ደግሞ በ45 በመቶ ገደማ ነው ከግምት ያለፈው። የአንተ ግምት የተሞረደው መንገድ ላይ ነው። «ለመጠባበቂያ ይህን ያህል ይበቃል» የሚልህ ውስጣዊ ስሜት አሁን አያዋጣህም። ስለዚህ ግምትህን ከውስጥ አትጀምር። መጀመሪያ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ሌሎች ዘንድ ስንት ፈጀ፣ ስንት ዓመት ወሰደ በል። «የእኛ ይለያል» የሚል ሰው ይመጣል። እነዚያም እንደዚያው ብለው ነበር።

ክሌም_ጻፊ

ሁለታችሁም ስለ ወረቀት እያወራችሁ ዋናውን ወረቀት ረሳችሁት። ውሉ!!

ወንድሜ፣ አምስት ተቋራጭ አለህ ማለት አምስት ውል አለህ ማለት ነው። አምስቱንም ሙሉውን አንብብ፣ አባሪውን ጨምሮ። ማጠቃለያ አዘጋጁልኝ ብትል ማጠቃለያው ውስጥ የሌለው ነገር ነው የሚያስከስስህ።

አንድ ምሳሌ። ዋሻው ዘገየ። ጥፋቱ የዋሻው ተቋራጭ ነው። አንተ ትቆጣለህ፣ የመዘግየት ቅጣት ትቆርጣለህ፣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስልሃል። የሐዲዱ ተቋራጭ ግን ውሉ ላይ በዚህ ቀን ዋሻውን እንደሚረከብ ተጽፎለታል። ሰዎቹን አስገብቷል፣ ማሽኑን አስገብቷል፣ ቆሟል። ለሱ ባለዕዳው አንተ፣ ማለትም አሠሪው፣ ነህ፣ ሳይት ማስረከብ ያልቻልከው አንተ ነህና። የሲግናሉም እንደዚያው። ከዋሻው የምትቆርጠው ቅጣት ብዙ ጊዜ ጣሪያ አለው። ከሌሎቹ የሚመጣብህ ጥያቄ ግን ጣሪያ ላይኖረው ይችላል። ሥራውን ብዙ ቦታ ቆርጦ ማከፋፈል ጨረታው ላይ ርካሽ ይመስላል፣ በየመገናኛው ላይ ያለውን አደጋ ግን አሠሪው ይሸከማል። አሮጌ ሄልሜት ያሉት ሠንጠረዥ በገንዘብ ሲተረጎም ይሄ ነው።

ቀጥሎ ማስታወቂያ። ውላችሁ በፊዲክ (በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የግንባታ ውል ቅጽ) ከሆነ፣ የ1999ኙ ላይ ተቋራጩ ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በ2017ቱ እትም ላይ ግን ያው ግዴታ በአሠሪውም ላይ መጥቷል። ብዙ አሠሪ ይህን ልብ አላለውም፣ የድሮውን እያሰበ ተዝናንቶ ይቀመጣል። ታዲያ ችሎታው ምንድን ነው ካልከኝ ደብዳቤ መጻፍ ነው። አጭር፣ ቀን ያለው፣ አንቀጽ የጠቀሰ፣ ስድብ የሌለበት። በስልክ የተስማማችሁትን በዚያው ቀን በጽሑፍ አድርገው። ከሦስት ዓመት በኋላ ገላጋይ ፊት ስትቀርብ ያኔ ስልክ ላይ የነበረው ሰው ሥራ ለቅቋል።

ስትጣላ ብቻ የሚወጣ ወረቀት አታድርገው ደግሞ። የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ተርሚናል 5 ሲሠራ አሠሪው አደጋውን ተቋራጮች ላይ ከመወርወር ራሱ ያዘው። የወጣውን ትክክለኛ ወጪና የተስማሙበትን ትርፍ ይከፍላል፣ ችግር ሲመጣ ማን አጠፋ ከማለት በጋራ ይፈታል። ወደ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ሥራ ነበር፣ ግንባታው በተያዘለት ቀን አልቋል። ይህ ሁሉ ቦታ ይሠራል አልልም። እንዲህ ያለ ውል ወጪውን መጽሐፍ ገልጦ ማየት የሚችል፣ ባለሙያ የሞላበት አሠሪ ይፈልጋል። የሌለው ሰው ቢሞክረው ይዘረፋል።

ብረት_አሳሪ

ኧረ በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ሠንጠረዡን እርስዎ እንዳሉት ጀምሬዋለሁ፣ ገና ከአሁኑ ባዶ ሳጥን በዝቶብኛል። ፕላነሯ፣ ያንን የሦስት ቁጥር ነገር ነገ ነው የምጠይቀው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የተላለፈልኝን የስድስት ወር ሪፖርት አነበብኩ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። አንድ ቢጫ እንኳ የለም። ሳይት ላይ ስዞር የማየው ግን ሌላ ነው። ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ ምን ላድርግ? ይሄም ችሎታ ነው ወይስ ዕድል?

የማታ_ፈረቃ

ይሄማ ዋናው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል ባይ ነኝ፣ ይቅርታ ጋሼ።

ከላይ የተጠቀሱትን ሁለቱን እንያቸው። በርሊን ሊከፈት አራት ሳምንት ሲቀረው ነው አይከፈትም የተባለው። የመጋበዣ ካርድ ሁሉ ወጥቶ ነበር። የለንደኑ ደግሞ ለዲሴምበር የተቀጠረው ኦገስት 31 ላይ ተራዘመ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ሌሊት ላይ አይፈጠርም። ኬብል የሚጎትተው ሰውዬ ከወራት በፊት ያውቃል። ወሬው ግን በየደረጃው ሲወጣ ይለሰልሳል፦ ፎርማኑ «ችግር አለ» ይላል፣ ሳይት መሐንዲሱ «ትንሽ ተግዳሮት» ብሎ ይጽፈዋል፣ ሥራ አስኪያጁ «በክትትል ላይ» ያደርገዋል፣ ቦርዱ ጋ ሲደርስ አረንጓዴ ነው። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው ያቀለለው።

የሚሠራልኝን ልንገርህ። አንደኛ፣ በመቶኛ ጨረሳችሁ ወይ ብለህ አትጠይቅ። የሚቆጠር ነገር ጠይቅ። ስንት ክፍል ተረክበሃል፣ ስንቱ ተፈትሾ ተፈርሟል፣ ስንት በር ይዘጋል። «90 በመቶ» ስሜት ነው። ሁለተኛ፣ መጥፎ ዜና ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ የምታሳየው ፊት ለሁለት ዓመት ይወራል። ከተቆጣህ አለቀልህ፣ ሌላ አይመጣም። ሰውዬው ራሱ አጥፍቶ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ «ቶሎ ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በል፣ ጥፋቱን ነገ ትነጋገሩበታላችሁ። ሦስተኛ፣ ሳይጠሩህ ሂድ። ማታ ሂድ። ቀን ላይ ከነጭ ሄልሜት ሰልፍ ጋር ከዞርክ የተጠረገውን ነው የሚያሳዩህ። የማታ ፈረቃ ላይ ብቻህን ስትመጣ ሰው ይናገራል፣ ሻይ ይጋብዝሃል፣ የትኛው ዕቃ እንዳልመጣም ይነግርሃል።

እዚያ የሰማኸውን ግን ስም ጠርተህ ስብሰባ ላይ እንዳታወጣው!! አንዴ ካደረግከው ሁለተኛ ማንም አይነግርህም፣ ሻዩም ይቀርብሃል :)

ቀኑ_ተቆርጧል

ያ የሳቀብህ ሰውዬ እኔ ልሆን እችላለሁ ሃሃ።

ፖለቲካው ነው እላለሁ አሁንም። የትልቅ ፕሮጀክት ቀን በመሐንዲስ አይቆረጥም፣ በምርጫና በምረቃ ነው የሚቆረጠው። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ማርች 1959 ላይ ግንባታው ሲጀመር ጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነበር። ፖለቲከኞቹ ቸኮሉ፣ ሥራው ከተጀመረ ማንም አያስቆመውም ብለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጣሪያው ተወስኖ ሲመጣ የተሠሩት ምሰሶዎች አልቻሉትም፣ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተባለው 102 ሚሊዮን ሆነ። በ1963 ያልቃል የተባለው በ1973 ተመረቀ።

ዛሬ ያምራል፣ አልክድም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ብትሆን ምን ትል ነበር? የምትፈልገው ችሎታ «ገና ነው» ብሎ ሳይባረሩ መውጣት ነው። እሱን የሚያስተምር ሰርተፊኬት ካገኘህ ለእኔም ላክልኝ።

ወሰን_ማስከበር

ሁላችሁም አጥር ውስጥ ናችሁ። ከአጥር ውጪ ያለውን ማንም አላነሳም፣ እንደ ሁልጊዜው።

የእኔ ሥራ ከሚነሡ ሰዎች ጋር ነው። ስንት ፕሮጀክት ስኬጁሉ ላይ «ወሰን ማስከበር» የሚል አንድ መስመር፣ ሦስት ወር ተሰጥቶት አይቻለሁ። እዚያች መስመር ውስጥ ቤት አለ፣ መቃብር አለ፣ የእምነት ቦታ አለ፣ በወራሾች መካከል ክርክር ያለበት መሬት አለ፣ ሰነድ የሌለው ግን አርባ ዓመት የኖረ ሰው አለ። ከመሬት በታች ደግሞ የውሃ ቱቦ፣ የመብራትና የስልክ መስመር አለ፣ ካርታው ላይ ያለበት ቦታና መሬት ውስጥ ያለበት ቦታ አይገናኙም። አበዳሪዎችህ ውስጥ የዓለም ባንክ ካለ ካሳው ሰውየው ከመነሣቱ በፊት እንዲከፈል ይጠይቃል። ዶዘር አቁመህ «ሂደት ላይ ነው» አትለውም።

ማወቅ ያለብህ፦ የገባኸውን ቃል መዝግብ። ማን፣ ለማን፣ ምን፣ መቼ አለ። መንደር ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት መሐንዲስ «ጉድጓድ እንቆፍርላችኋለን» ብሎ ይሄዳል፣ ሰውዬው ተዘዋውሮ ሌላ ሳይት ገብቷል፣ መንደሩ ግን አልረሳም። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ዘግተው ያስቆሙሃል፣ አንተም ምክንያቱን አታውቅም። ይህ ከተቋራጭ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) በላይ ሥራ ሲያስቆም አይቻለሁ።

እና ቅሬታ ሰሚው ሰው ወይም ሴት ቢያንስ ትንሽ ነገር እዚያው የመወሰን ሥልጣን ይኑራቸው። ሁሉን ወደ ዋና መሥሪያ ቤት የሚልክ ቅሬታ ሰሚ ፖስታ ቤት ነው።

አሮጌ_ሄልሜት

ማታ ፈረቃ፣ ይቅርታው አያስፈልግም፣ ልክ ነሽ። ወሰን ማስከበር ያልከውም ልክ ነው።

«ገና ነው» ስለማለት አንድ ነገር ልጨምር። የፓናማን የመርከብ ቦይ እንውሰድ። ፈረንሳዮች ከ1881 ጀምሮ ቆፍረው በ1889 ከሰሩ። ከ20,000 በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ አብዛኛው በቢጫ ወባና በወባ። አሜሪካኖች በ1904 ሲረከቡ ዋሽንግተን ያለው ሁሉ ሲጮህ የነበረው «አፈር ይብረር!» እያለ ነው። የመጀመሪያው ዋና መሐንዲስ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ለቀቀ። በ1905 ጆን ስቲቨንስ መጣ። ምን አደረገ? ቁፋሮውን አስቆመ! ለሠራተኛው ቤት፣ ንጹህ ውሃ፣ የፍሳሽ መስመር ሠራ። ለሐኪሙ ዊልያም ጎርጋስ ትንኝ ማጥፊያ ሰውና ገንዘብ ሰጠው። የባቡር መስመሩን በአዲስ አነሣው።

ለምን ባቡር? ስቲቨንስ የባቡር ሰው ነው፤ እዚያ ቆሞ ሲያይ ሥራው ቁፋሮ እንዳልሆነ ገባው። መቆፈርማ ማንም ይቆፍራል። የተቆፈረው አፈር የት ይሄዳል፣ በምን ይሄዳል፣ ያ ነው ማነቆው። እሱ ራሱ በ1907 ለቀቀ፣ ቦዩን የጨረሰው ከሱ በኋላ የመጣው መሐንዲስ ጎታልስ ነው፣ በ1914 ተከፈተ። ግን የተቆፈረው ስቲቨንስ ባዘጋጀው ላይ ነው።

ቀኑ ተቆርጧል፣ አንተ እንዳልከው ሰውዬው አልተባረረም። ለምን ይመስልሃል? ዝም ብሎ «አልችልም» አላለም። ምን ካልተሠራ ምን እንደማይሆን፣ መቼ እንደገና እንደሚጀምር አስረድቷል። ለአለቃ «ገና ነው» ስትል ከጎኑ ቀንና ዋጋ አስቀምጥ። በዚህ ቀን ብንጀምር ይህን ያህል እናጣለን፣ ስድስት ወር ብንጠብቅ ይህን ያህል። ሁለት ምርጫ በጽሑፍ ይዘህ ግባ። አንዱን መርጦ ይፈርም። አለቆች የሚጠሉት ምርጫ የሌለውን መርዶ ነው።

ቀኑ_ተቆርጧል

ይሄን እቀበላለሁ። «ይፈርም» የምትለዋን በተለይ። የኔዎቹ በቃል ነው የሚያዙት፣ ፊርማ ሲባል ስልካቸው ይጠራል።

ክሌም_ጻፊ

በዚያው ቀን በኢሜይል «ዛሬ በሰጡኝ መመሪያ መሠረት» ብለህ ጻፍለታ። ከላይ ምን አልኩ።

ብረት_አሳሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰርተፊኬቱን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ ልውሰድ ወይስ ይቅር? ደግሞ ፕላነሯ ስለ ፍተሻ ያልሽውን አይቼ የእኛን ስኬጁል ከፈትኩት። ሦስት ወር ነው የተሰጠው፣ ለሁሉም፣ አንድ መስመር ላይ። ያሳስባል?

ፕላነሯ

ሰርተፊኬቱን ውሰድ፣ አይጎዳም። የሰው ኃይል ክፍል ይወደዋል፣ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋርም አንድ ዓይነት ቃል ትጠቀማላችሁ። የምትፈተነው ግን ንጹሕ በሆነ ፕሮጀክት ላይ ነው፣ እንደዚያ ያለ ፕሮጀክት እስካሁን አላየሁም።

ሦስት ወር አንድ መስመር ላይ... አዎ ያሳስባል። በጣም። ዛሬውኑ በትነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ይፈተሻል፣ ከዚያ ሥርዓቱ ለብቻው፣ ከዚያ ሥርዓቶቹ አንድ ላይ፣ ከዚያ ባቡሩ ባዶውን ይመላለሳል፣ ከዚያ የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ራሳቸው ይለማመዳሉ። መብራት ሲጠፋስ፣ ባቡር ዋሻ ውስጥ ሲቆምስ፣ ጭስ ሲነሣስ፣ ሁሉንም በተግባር ማየት አለባቸው። የሚፈቅደው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ሰነድ አንብቦ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱን አንተ አታፋጥነውም።

የመጨረሻው ልምምድ ሁሌ የሚዘለለው ነው። ያ ከላይ የተመሰገነው ተርሚናል 5 ግንባታው በቀኑ አልቆ ማርች 27 ቀን 2008 ሲከፈት የሻንጣው ሥራ ተደበላለቀ፣ በረራ ተሰረዘ፣ ሻንጣ ተከመረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሠራተኛው ቦታውን በበቂ አለመልመዱና ሙከራው በመቆረጡ ነው። ስለዚህ የሚያንቀሳቅሰውን ድርጅት ሰዎች መጨረሻ ላይ አትጥራቸው። አሁን ጥራቸው፣ አምስቱም ተቋራጮች ባሉበት ክፍል ውስጥ ይቀመጡ፣ ሥዕሉን ይዩት። «ይህን በር ማታ ማን ይከፍታል?» ብለው የሚጠይቁህ እነሱ ናቸው።

ሦስት ወሩ ስንት እንደሚሆን ስትበትነው ንገረኝ፣ አብረን እናየዋለን። ከዘጠኝ በታች ከመጣ የረሳኸው ነገር አለ።

ብረት_አሳሪ

በተንኩት። አሥራ አንድ ወር መጣ። ሰኞ ስብሰባ አለ፣ ሁለት ምርጫ ጽፌ ነው የምገባው።